ዝናሽ እስክትጨርስ

የቱሪያ ድምፅ ከቀፊራ ገበያ ከጠፋ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። ሐኪሙ ከጉሮሮዋ ትንሽ እባጭ አውጥቶ፣ «ሦስት ሳምንት አንድ ቃል እንዳትናገሪ፤ በሹክሹክታም ቢሆን። ቁስሉ ከተከፈተ ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል» ብሏታል። በሦስት ቋንቋ እየተጣራች ቅመም ትሸጥ የነበረች ሴት፣ አሁን ዋጋ በጣቷ ታሳያለች።

«አቦ፣ ሬዲዮው ባትሪ ጨረሰ?» አለ ባለጋሪው ኻሊፍ ሲያልፍ። «ወላሂ፣ ፈረሴ ሰሞኑን ሳይደነብር ማለፍ ጀመረ!»

የደረቀ ዝንጅብል ወረወረችበት። እየሳቀ ሄደ።

ከጎኗ በርበሬ የምትሸጠው ዝናሽ አልሳቀችም። ከተኮራረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የቱሪያ ባል የሞተ ጊዜ ዝናሽ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጣ፣ አንዲት የማጽናኛ ቃል ሳይወጣት ተነሥታ ሄደች። በሳምንቱ ቱሪያ በገበያው ፊት፣ «ምላስሽን ለማን ነው የቆጠብሽው? ለእኔ ባል አንዲት ቃል በዛችበት?» ብላ ጮኸችባት። ዝናሽ ያኔም አልመለሰችም። አንገቷ ብቻ ቀላ።

ነገ ዝናሽ ሁርሶ ካለው ልጇ ዘንድ ልትኖር ትሄዳለች። ቱሪያ ይቅር በይኝ ልትላት ትፈልጋለች። የምትናገርበት ጉሮሮ የላትም፤ እንዳትጽፍ ፊደል አልቆጠረችም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ ከተማውን አስተኛው። ነጋዴው ሸቀጡን በማዳበሪያ ሸፍኖ ጥላው ሥር ጋደም አለ። መንገዱ ላይ አየሩ እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል፤ ባጃጆቹ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ቱሪያ ዓይኗን ከደነች። ልትለው የፈለገችው ቃል ከደረቷ ተነሣ፣ ጉሮሮዋ ደረሰ፣ እዚያው ቆመ። አንገቷ ጋለ። እጇን ብትሰድ፣ ያ የዝናሽ ቅላት በራሷ መዳፍ ሥር ያለ መሰላት።

እንዲህ ነበር እንዴ? አለች በልቧ።

ተነሥታ በዝናሽ ምንጣፍ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዝናሽ አየቻት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ደግሞ ቆመ።

ድሮ ቢሆን ቱሪያ ቀድማ ትጨርስላት ነበር። ስንቱን ነገር ከአፏ ነጥቃለች፤ ለደንበኛዋ እንኳ እሷ ነበረች የምትመልስላት። አሁን ጠበቀች። አንዲት ርግብ ከማዳበሪያው ሥር የወደቀ ማሽላ ለቅማ እስክትበር ድረስ ጠበቀች።

«ያን ጊዜ…» አለች ዝናሽ። ብዙ ቆየች። «ባልሽ፣ ነፍሱን ይማርና…»

ቱሪያ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«በዚህ ሲያልፍ፣ ‹ዝናሽ፣ እንዴት አደርሽ?› ይለኝ ነበር። ከዚያ… እስክመልስለት ይቆማል። ፀሐዩ ላይ። ሌላው ሰው ጠይቆኝ ያልፋል፤ እሱ ግን ይቆማል።» በርበሬ ያቀላውን ጣቷን አየች። «ይህን ልነግርሽ ነበር ሦስት ቀን የተቀመጥኩት። አልወጣ አለኝ።»

የቱሪያ እንባ ያለ ድምፅ ወረደ። ዝናሽ ሌላ ቃል ፍለጋ እንደገና ዝም አለች፤ ገና አልጨረሰችም። ጥላው ከምንጣፉ ላይ ሸሽቶ ፀሐዩ ቱሪያን አናቷን መታት። ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።