እየጠበበ የሄደው ሱሪ

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ልጆቼ። አንተም በሩ ላይ የቆምከው ግባ፤ ወንበሩ ካልበቃ ምንጣፍ አለ። ስለ አንድ ልብስ ሰፊና ስለ ወዳጁ ላውራችሁ።

ወዳጁ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሲያቆም ተሳፋሪ ስለማይነቀነቅ «ፍሬን» ይሉታል፤ ጡረታ ወጥቶም ስሙ አልለቀቀውም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ብቅ ይላል፤ ጨርቅ የሚቆረጥበት ጠረጴዛ ላይ ዳማ ይዘረጋሉ። ጠጠሮቻቸው የጠርሙስ ቆርኪ ናቸው። መሸናነፍ ነው፣ መሰዳደብ ነው፣ መሳቅ ነው። አንዱ ለሌላው አዝኖ ከተሸነፈለት ግን ያን ቀን ኩርፊያ ነው።

እናላችሁ አንድ ቅዳሜ ፍሬን ቀረ። በሚቀጥለውም ቀረ። በኋላ ሲመጣ ሱሪ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ነው።

«ወገቡን አጥብብልኝ።»

ምን ሆነህ ነው ቢለው፣ ዕድሜዬን ሙሉ መሪ ጨብጬ ያመለጠኝን እየለቀምኩ ነው አለው። ሥዕል ጀምሯል፣ የእግር ጉዞ ጀምሯል፤ በሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ካሉ ዘፋኞች ጋርም ተቀላቅሏል። ና አብረን እንሂድ ብሎ ለመነው። ልብስ ሰፊው በዚህ ዕድሜዬ ልንጫጫ ወይ ብሎ ሳቀበት። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ሱሪውን አጠበበ። ብዙም ሳይቆይ ያው ሱሪ ተመልሶ መጣ። እንደገና አጠበበው። ደግሞ መጣ፤ ኮቱም ተከተለ። በዚህ ሰውዬ ሙያ ወገብ የሚያስጠብብ ሰው ወይ ሊያገባ ነው፣ ወይ የሚታይበት ቦታ አግኝቷል። ፍሬን ፊቱም ከስቷል፤ ይኸው መሽቀርቀሩ ብሎ ልብስ ሰፊው ለራሱ ተናገረ። ለማን ነው? ምን ይሆን የሚደብቀኝ? መርፌውን ክር ሲያጎርስም፣ ካውያውን ሲያሞቅም የሚያስበው ይህንኑ ሆነ።

ሚስቱ ሰልችቷት፣ «አንተ ሰው፣ ያገባኸው እሱን ነው እንዴ? እኔ ጎረቤት ውዬ ስገባ እንኳ የት ነበርሽ ብለህ አታውቅም» አለችው።

ጥርጣሬ አንዴ ደጅ ከከፈቱለት ጓዳ ድረስ ነው የሚዘልቀው። ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ ፍሬንን ከኋላ ከኋላ ተከተለው። አዳራሹ ጋ ሲደርስ በመስኮት አጮለቀ። ዘፋኞቹ ሁሉ ቆመዋል፤ ፍሬን ብቻ ተቀምጧል። ገና ስሙን ሳያጠኑ አለቃ አደረጉት ማለት ነው! ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች ሴት ውሃ አቀበለችው፤ ከትከሻው የተንሸራተተውን ኮትም መለሰችለት። ያንን ትከሻ የሰፋው ማን ሆነና። ልብስ ሰፊው ደሙ ፈላ፤ ቤቱ ገብቶም ምግብ አልቀመሰም።

ፍሬን በሌላ ቀን ሱሪውን ይዞ መጣ።

«ለአዲሶቹ ወዳጆችህ ስጣቸው» አለው ልብስ ሰፊው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው። «እነሱ ያጥብቡልህ።»

ፍሬን ሱሪውን ክንዱ ላይ አጠፈው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ቅዳሜ ዳማ እንጫወት?» አለ።

«ሥራ አለብኝ።»

ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ልብስ ሰፊውም በንዴት ጥግ ወረወረው። ቅዳሜው አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። ከፍሬን ድምፅ የለም። ይኸው እርግፍ አድርጎ ተወኝ፣ አላልኩም? ይላል ሰውየው፣ ትክክል መሆኑ እያንገበገበው።

በመጨረሻ ልወርውርለት ብሎ ሱሪውን አነሳ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሲያጥፍ እጁ ቀጥ አለ። ወገቡ ከመጥበቡ የተነሳ የኋላ ኪሶቹ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ከስፌቱ ጎን የድሮው ስፌት ቀዳዳ፣ ከእሱ ጎን ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረው። ሁሉንም የሰፋው ራሱ ነው። ይህ የሚሽቀረቀር ሰው ወገብ አይደለም። እያለቀ ያለ ሰው ወገብ ነው። ወዳጁ በገዛ ሜትሩ ሥር ሲያልቅ እሱ ቅናቱን ይለካ ነበር።

ቆርኪዎቹን ኪሱ ውስጥ ጠራርጎ ሮጠ። በሩን የፍሬን እህት ከፈተች።

«ጋሼ፣ እንዳልነግርዎት አስምሎኝ ነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ሐኪሞቹ ተስፋ የለውም ካሉት ቆይቷል። ‹እሱ ካወቀ ዳማውን ይሸነፍልኛል፤ ያን ቀን ወዳጄን አጣሁ ማለት ነው› ይላል።»

ፍሬን ትራስ ተደግፎ ነበር። እግሩ መቆም ካቃተው ሰንብቷል።

«ሥራህን ጨርሰህ መጣህ?» አለ ፈገግ ብሎ።

«የእኔ ጌታ፣ ይቅር በለኝ።»

«ተወው እሱን። ቆርኪ ይዘሃል?»

ሰሌዳው አልጋው ላይ ተዘረጋ። ልብስ ሰፊው እንባው እየወረደ ምንም ሳይምር አሸነፈው፣ ድምጥማጡን አጠፋው። ፍሬን እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሌላ ቅዳሜ አላገኙም።

አሁን ልብስ ሰፊው አዳራሹ ውስጥ ይዘፍናል። ድምፁ ዘይት እንዳጣ የስፌት መኪና ነው፤ ባለ ሰማያዊ ሹራቧ ሳይቀር ትስቅበታለች። የሚቆመው ከፍሬን ወንበር ጎን ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ወዳጃችሁ የራቃችሁ ሲመስላችሁ ከመቀየማችሁ በፊት አንዴ ቀና ብላችሁ ፊቱን እዩት። ያን ጊዜ ይህን ሱሪ አስታውሱልኝ።