«በሞቴ» የተባለች ሸረሪት

የብርጓል በዚህ ዓለም የምትጠላው ነገር ቢኖር በረሮ ነው። ሆኖም የ1973ን ክረምት በረሮ ስታድን ከረመች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጣና ዳር ባለው ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራውን የምታጸዳው እሷ ናት፤ የባዮሎጂው መምህር አንዳርጋቸው ደግሞ እዚያው በመስታወት ሣጥን ውስጥ መዳፍ የምታህል ጠጉራም ሸረሪት ያሳድጋል። ዘንዘልማ ሄዶ ድንጋይ ፈንቅሎ ያገኛት ናት። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዱርቤቴ ሲመደብ ሸረሪቷን ለሷ ተወላት።

«በሳምንት አንድ በረሮ ይበቃታል፣ እትዬ የብርጓል። እስከ ማታ ካልበላች በረሮውን ያውጡት። አደራ!»

የብርጓል የደቅ ደሴት ሰው ናት፤ ያውም የመሪጌታ ልጅ። አደራ በላ ከምትባል ሞቷን ትመርጣለች።

በየዓርቡ ከተማሪዎች ወጥ ቤት በረሮ በወተት ጣሳ ይዛ ትመጣና በወረንጦ ትጥልላታለች። መጀመሪያ ፊቷን አዙራ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ወንበር ስባ ቁጭ ብላ «እሰይ፣ ብይ የኔ እመቤት!» ማለት ጀመረች። ምን ይደረግ፣ ያበሉት ነገር ይወደዳል።

ነሐሴ ሲገባ ሸረሪቷ አልበላም አለች። በረሮው አጠገቧ ቢመላለስ ዞር ብላም አላየችው። የብርጓል ፍልሰታን እየጾመች ነበርና «አንችም ጾመኛ ሆንሽ?» ብላ ሳቀች፤ ማታ በረሮውን አወጣችው። በሁለተኛው ዓርብም እንቢ ስትል ግን ሳቁ ቀረ። መምህሩ ያላትን አልረሳችውም፤ ነገር ግን የንፉግ ምክር መሰላት። እንግዳ አልበላም ቢል ሞሰቡ ይነሣበታል እንዴ? በሞቴ ይባላል፣ ይጨመርለታል፤ ካፈረም ምግቡን ትተውለት ይወጣሉ። ስለዚህ ሦስት ደህና ደህና በረሮ መርጣ ጣለችላትና «በሞቴ፣ ሲያሰኝሽ ብይ» ብላ ዘግታ ሄደች።

ሰኞ ጧት ሸረሪቷን በጀርባዋ ተንጋልላ አገኘቻት። ከአሮጌ ቆዳዋ በግማሽ ወጥታለች፤ ሆዷ ተቦጫጭቋል። በረሮዎቹ ምንም አልሆኑም። የብርጓል ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለሸረሪት ይለቀሳል እንዴ ብላ ራሷን ብትታዘብም እንባዋ እንቢ አላት።

አንዳርጋቸው መስከረም ላይ ሲመለስ ሁሉንም ነገረችው። «ተርባ እንዳትሞት ሦስት ትቸላት ነበር፤ አንዱንም አልቀመሰች» አለችው።

ሣጥኑን አየ፤ እሷን አየ። «እድሜዋ ነው፣ እትዬ የብርጓል። እርስዎ ምን ያድርጉ» አላት። የብርጓል እፎይ አለች።

ጥቅምት ላይ ሌላ ሸረሪት አመጣ። የብርጓልም ጣሳዋን ይዛ ከተፍ አለች፤ ስድስት በረሮ አለበት።

«ይችን አላስርባትም፣ መምህር። በዚያችኛዋ በሦስት ብቻ ጨከንሁባት» አለችና ወረንጦዋን አነሣች።

አንዳርጋቸው እጇን ያዘ። እውነቱን የነገራት ያን ጊዜ ነው። ሸረሪት ቆዳዋን ልትቀይር ስትል መብላት ትተዋለች፤ አዲሱ ገላዋ እስኪጠነክር እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው፤ አጠገቧ የተተወ በረሮ ያን ጊዜ እሷኑ ይበላታል።

የብርጓል ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ ነኛ የገደልኋት?»

«እንዳያዝኑ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት።»

«እኔ እንዳላዝን ብለው፣ መምህር፣ ይችንም ሊያስገድሉኝ ነበር እኮ!»