ያለ ዜማ የቀረ ንግግር

ቲፔኔ ከሰጠመ ወዲህ ሜሬኩራ የጓዳዋን ቧንቧ መክፈት ፈርታለች። ውሃው መውረድ ሲጀምር የልጁ ድምፅ ከመስኮቱ ውጭ ይሰማታል። «አጎቴ፣ ባሕሩ አላማረኝም» ይላል። የዚያን ዕለት ጠዋትም ያለው ይህንኑ ነበር። እሷ ሰሃን እያጠበች ሳለ ባሏ፣ የልጁ አጎት ፓራቴኔ፣ «እንግዳ እየመጣብኝ ዓሣ የሌለበት ሰሃን ላቅርብ? ወንድ አይደለህም እንዴ? ጀልባዋን አስነሳ!» ብሎ ሲያፋጥጠው ሰምታለች። ሰምታም ማጠቧን ቀጠለች። ከእሷና ከባሏ በቀር ይህን የሚያውቀው ቲፔኔ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አሁን ማራኤው ላይ፣ የጎሣው አደባባይ ላይ፣ ክፍት ሣጥን ውስጥ ተኝቷል።

እናቱ ራሄራ ከሣጥኑ አጠገብ ፍራሽ ላይ ናት። ለቅሶው ከተጀመረ አንስቶ እጇን ከልጇ ደረት ላይ አላነሳችም። ሟች እስኪቀበር ድረስ ሁሉን ይሰማል፤ ስለዚህ ለመናገር የሚነሳ ሁሉ ፊት ለፊት የሚያናግረው እሱን ነው። ተናጋሪው ሲጨርስ ሴቶቹ ከኋላው ቆመው ያዜሙለታል። ዜማ ያልተከተለው ንግግር እንዳልተነገረ ይቆጠራል፤ ተናጋሪውም ሳይዜምለት አይቀመጥም። አጉል ነገር ከተናገረ ደግሞ ገና ሳይጨርስ ዜማውን አንስተው ያስቀምጡታል። የፓራቴኔን ዜማ ምንጊዜም የምታነሳው ሚስቱ ናት።

ፓራቴኔ የተቀረጸ ዱላውን ይዞ ተነሳ።

«ባልሽ ዛሬ አንጀታችንን ሊበላው ነው» አለች ከሜሬኩራ ጎን የተቀመጠችው አሮጊቷ ፓኒ። «ብቻ እንዳያረዝመው። ወገቤ አልቋል።»

«ካረዘመው እናስቀምጠዋለን፣ አክስቴ።»

«አንቺ? እስቲ አንድ ቀን አቋርጠሽው ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። ሰውዬው ምላሱ ማር ነው፣ ማን ያቋርጠዋል! «ሂድ ልጄ፣ አባቶችህ ወዳሉበት ሂድ» ብሎ ሲጀምር አደባባዩ በሙሉ ተንሰቀሰቀ። ከዚያ ወደ ሣጥኑ ጠጋ አለ።

«ለምኜህ ነበር እኮ! ባሕሩ ከፍቷል፣ ዛሬ ይቅርብህ ብዬህ ነበር። አንተ እልኸኛ! የእናትህ ዕንባ እንኳ አላሳዘነህም?»

ሜሬኩራ ወደ ሣጥኑ ዞረች። ሰው ሰውን ይዋሻል፣ ይሁን። አፉን ከፍቶ መመለስ የማይችለውን እንዴት ይዋሹታል? የቲፔኔ ፊት እንደተኛ ሰው ጸጥ ብሏል፤ ለእሷ ግን የሚያዳምጥ መሰላት፣ ያውም ባሏን ሳይሆን እሷን። ራሄራ ቀና ብላ ልጇን እንደማታውቀው ሰው አየችው። ቀስ ብላም እጇን ከደረቱ ላይ አነሳች።

ሜሬኩራ ብድግ አለች። እውነቱን ካወጣች ፓራቴኔ ከዛሬ በኋላ በዚህ አደባባይ እንደማይቆም፣ ቤቷም ቤት እንደማይሆን ታውቀዋለች። ፈራች።

«ምን ሆነሻል? ገና አልጨረሰም!» ፓኒ ቀሚሷን ጎተተቻት።

ያነሳችው የቆየውን የለቅሶ ዜማ ነበር፤ ቃሉ ግን ከዚያ በፊት ማንም ሰምቶት አያውቅም።

«ባሕሩ አላማረኝም ብለህ ነበር፣ ልጄ፣
ሰማሁህ በመስኮት፣ ሰሃን ይዤ በእጄ፤
ሂድ ያለህ አጎትህ፣ ወንድነትህን ሰድቦ፣
ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ አፌ ተሸብቦ።»

ሴቶቹ ቃሉን ስለማያውቁት የሚቀበላት አልነበረም። ብቻውን የወጣው ድምፅ ለራሷም የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖባት አስደነገጣት።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?» አለ ፓራቴኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ማንም ዞሮ አላየውም።

ራሄራ ግን ከፍራሹ ተነስታ በጉልበቷ እየዳኸች መጣችና የሜሬኩራን ቀሚስ ያዘች።

«ሜሬ፣ በሞቴ፣ ምን ነበር ያለው? የመጨረሻ ቃሉን አልሰማሁም እኮ። ድገሚልኝ።»

ሜሬኩራ ደገመችላት። ራሄራ አሁንም ድገሚልኝ አለቻት፤ ደገመችላት። ፓራቴኔ በዱላው ተደግፎ እዚያው ቆሞ ነበር፤ የሚያዜምለት ስለጠፋ መቀመጥ አልቻለም።