ሳቭካ ዳቦውን ያነሳ ዕለት

ኒቺፖር ክፉ ሰው ነበር። ሞቶ ስላረፈልኝ አይደለም እንዲህ የምለው፤ በቁሙም ፊት ለፊት ብዬዋለሁ። ግን ባንዱራ የሚባለውን ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ በማስተማር በሉብኒ ከተማ ዙሪያ የሚስተካከለው አልነበረም። የዕውራን ደርዳሪዎች ማኅበር አለቃ እኔ ነበርኩና ተማሪዎቹን ሁሉ መርቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከሳቭካ በቀር።

ሳቭካን በአሥራ ስምንት ዓመቱ እናቱ እጁን ይዛ አመጣችው። ፈንጣጣ ዓይኑን አጥፍቶበታል አለች። ሕጋችን አጭር ነው፤ ባንዱራ ለዕውር ብቻ ነው። የሚያይ ሰው ያርሳል፣ እኛ ሌላ መተዳደሪያ የለንም። ሳይመረቅ ያለ መምህሩ ገበያ ወጥቶ የደረደረ ሰው መሣሪያው ይሰበራል።

ኒቺፖር ሳቭካን ሦስት ዓመት ገረፈው፣ አስራበው፣ አስተማረው። በሦስተኛው ዓመት ገበያተኛው ኒቺፖርን ትቶ "ያ ልጅ ይጫወትልን" ማለት ጀመረ። እኔም ሰማሁት። ስለ ሙታን ሲዘምር ከስንት ዘመን በኋላ አለቀስኩ። ኒቺፖር አጠገቤ ተቀምጦ ምራቁን ሲውጥ ይሰማኝ ነበር።

ምረቃው የጰራቅሊጦስ ማግስት ኒቺፖር ቤት ሆነ። ወለሉ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ ስድስት ዕውራን ሽማግሌዎች ግድግዳ ተደግፈን ተቀመጥን። ሳቭካ ለእያንዳንዳችን ሰገደ። ጸሎቱን፣ ዝማሬውን፣ እኛ ብቻ የምንነጋገርበትን የማኅበሩን ቋንቋ ጠየቅነው፤ አንድም አልሳተም። የቀረው ዳቦው ነበር። መምህሩ ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ተማሪው ፈልጎ አንስቶ፣ ቆርሶ ያድለናል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ እኛው ደርዳሪ ነው።

"በል አንሳ" አለው ኒቺፖር።

የጠረጴዛው ጨርቅ ሻካራ ነው፤ እጅ ሲዳብሰው ይንኮሻኮሻል። ያ ድምፅ የሌለበት ምረቃ ሰምቼ አላውቅም። ጆሮዬን ሰጥቼ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ቀጥሎ የሰማሁት የዳቦው ቅርፊት ሲሰነጠቅ ነው።

ልጁ እንደሚያይ ለሁላችንም ገባን። ቁራሹን የተቀበለው ሰው የለም።

"እንዴት አገኘኸው?" አልኩት።

"ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ቦታ ነዋ፣ አለቃ።"

"ዛሬስ እዚያ አይደለም" አለ ኒቺፖር እየሳቀ። "ዛሬ በመስኮቱ በኩል፣ ጥግ ላይ ነው ያኖርኩት። እንዲያው ልፈትነው ብዬ።"

ሳቭካ ቄጤማው ላይ ተንበረከከ። "አንዱ ዓይኔ ጥላ ጥላውን ያያል" አለ። "በመርፌ ክር አያሰካኝ፣ ትልም አያስከትለኝ። አባቴ እንኳ አትረባም ብሎ ነው የሰደደኝ። የኔታ ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ ያውቃሉ። በሬ ሊወጋቸው ሲንደረደር ጎትቼ ያተረፍኳቸው እኔ ነኝ። የት ልሂድ፣ አባቶቼ?"

ያኔ ኒቺፖርን "ሦስት ዓመት ለምን ዝም አልክ?" ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። እሱ በሚያያት በዚያች ጥላ ቀናሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። የሳቭካን ባንዱራ ተቀብዬ በጉልበቴ ላይ ሰበርኩት።

ሳቭካ በሩ ላይ ቆመ። "ምን ባደርግ ትቀበሉኛላችሁ?" አለኝ።

"ዓይንህን እደጅ ጥለህ ና" አልኩት፣ ሽማግሌዎቹን ላስቅ ብዬ። ሳቁም።

በሦስተኛው ሳምንት እዚያው ቤት ተሰብስበን ሳለ በሩ ተከፈተ። አንድ ሰው ግድግዳውን እየዳበሰ ገባ፣ ከአግዳሚው ጋር ተጋጨ። ተነሥቼ ፊቱን በእጄ ነካሁ። ሽፋሽፍት የለውም፤ የዓይኑ ዙሪያ በኖራ ተቃጥሎ ተላልጧል።

"ጥዬ መጣሁ፣ አለቃ" አለ ሳቭካ።

እጁን ጠረጴዛው ላይ ሰደደ። ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር ተንኮሻኮሸ። ዳቦ አልነበረም።

በዚህ የሳቀ የለም። ኒቺፖር ጉሮሮውን ጠረገ።

"መልካም" አለ። "አሁን ዕውር ሆነሃል። የዕውር ትምህርት ሦስት ዓመት ነው፤ እያየህ የተማርከው አይቆጠርም። ከዛሬ ጀምር። ውኃ ቅዳ።"

ሽማግሌዎቹ የእኔን ቃል ጠበቁ። አንድ ቃል ብናገር በዚያው ሰዓት ይመረቅ ነበር። ግን እንዲያ ማለት ያኔ ማጥፋቴን በፊታቸው ማመን ሆነብኝ።

"ሕጉ እንደዚያ ነው" አልኩ።

ኒቺፖር የውኃውን ባልዲ ከተለመደው ቦታው አንስቶት ኖሯል። ሳቭካ በእጁ ወለሉን እየዳበሰ ሲፈልገው ሰማሁት።