አረንጓዴዋ ዳይሬክተር

«እዚህ ጋ ብንሰቅለው አይሻልም?» አለ ተማሪው፣ ምስማሩን በጥርሱ እንደያዘ።

ለቅሶ ደራሾቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ቦታ ለቀቁለት። ሠዓሊው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የሠዓሊው ተማሪ ይባል እንጂ ዛሬ እሱም ፀጉሩ የሸሸ፣ የራሱ ተማሪዎች ያሉት ሰው ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ለምኖ ያወጣውን ሥዕል በአንሶላ ጠቅልሎ አምጥቷል። አንሶላውን ሲገፈው ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ።

በሸራው ላይ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ደልደል ያለች ሴት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። ቀሚሱ ልክ ነው። የጣቶቿ አንጓ ሳይቀር ይቆጠራል። ፊቷና እጆቿ ግን አረንጓዴ ናቸው፤ ውሃ ውስጥ የከረመ እንጨት የሚያወጣው ዓይነት አረንጓዴ። ከኋላዋ ያለው ተክል ደግሞ እሳት እንደላሰው ቡኒ ሆኗል።

«ወይ ጉድ! ይቺው ናት?» አለች አንዷ ጎረቤት ወደ ሌላዋ ጠጋ ብላ።

«ይቺው ናት። ኧረ ቀስ በይ፣ እህቱ ትሰማለች።»

የሠዓሊው እህት ሰምታለች። ፔርሙሱን ከነሲኒው ይዛ ከበሩ ላይ ተመለሰችና ወደ ጓዳ ገባች። በሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት፣ ጡረታ የወጣችው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ትናንት ለቅሶ ደርሳ ነበር። ስትሰናበት የእህቱን እጅ ይዛ በሩ ላይ አቆመቻት።

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ ምን በድዬው ነው ያን ሁሉ ሰው ፊት እንደዚያ ያዋረደኝ? አንድ ዓመት ሙሉ ስረግመው ከረምኩ። አሁን ሞተና እርግማኔ የገደለው መስሎ ይሰማኛል።»

«ምንም አልበደሉትም» ብላት ነበር እህቱ። እስከ አጥሩ በር ሸኘቻት።

ከወንድሟ ጋር ሠላሳ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖራለች። ልጅ ሆና ሥዕል ያስጀመራት እሱ ነው፤ ያስቆማትም እሱ። «ከአገጭ ሥር አስተውዪ፣ ቆዳ ቡኒ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ውስጡ አረንጓዴ አለ» እያለ አንድ ክረምት አስተማራት። ክረምቱ ሲያልቅ የሠራችውን ሥዕል እንግዶች ፊት አቁሞ ካየው በኋላ፣ በቀለም ቢላው ከላይ እስከ ታች ፋቀው። «ሸራው ይጠቅመናል» አለ። እንግዶቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ሥራዋ ብሩሽ በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅ ማጠብ፣ ሸራ መወጠር፣ ምሳ ማቅረብ ሆነ። ደቀ መዛሙርቱ «ብሩሽ አጣቢዋ» ይሏታል፤ የማትሰማ ይመስላቸው ነበር።

ስድሳውን ሲያልፍ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ለሐኪም መታየት ነውር መሰለው፤ ቢላ ዓይኑን እንዳይነካውም ይፈራል። «ዓለም ሁሉ ወተት የነካው ሻይ መሰለችኝ» አላት አንድ ጠዋት፣ ለእሷ ብቻ። ቅርጹን ተጠግቶ ይለያል፤ ቀለሙን ግን አይለይም። በዚያ ቀን መላ ፈጠሩ። በየጠዋቱ ቀለሙን ከቱቦው እየጨመቀች የቀለም መደባለቂያ ሰሌዳው ላይ በተራ ታስቀምጥለታለች። ከአውራ ጣቱ አጠገብ ነጭ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ቀጥሎ የሸክላ ቀይ፣ ቡኒ፣ አረንጓዴ፣ መጨረሻ ላይ ሰማያዊ። እሱ ተራውን በቃሉ ይዞ ይሠራል። አራት ዓመት እንዲህ ሠራ፤ ማንም አላወቀም። ሰው «እጁ በሰለ» አለ።

እሷም በእነዚያ ዓመታት እንደገና መሣል ጀምራ ነበር። ሸራ መንካት አልደፈረችም። የጫማ ካርቶን ክዳን ላይ፣ ከሰሌዳው በተረፈው ቀለም፣ የጓዳው መስኮት ላይ ያሉትን ሦስት ሎሚዎች ሣለች። ስትሠራው ወር ፈጀባት፤ እርጥቡን ካርቶን እንዲደርቅ ከሥዕል ማቆሚያው ጀርባ አቆመችው።

በዚያው ቀን ተማሪዎቹ ሊጠይቁት መጡ። ይኸው ተማሪ ካርቶኑን አነሣውና «መምህር፣ ይሄ የማን ነው? የሎሚው ጥላ እንዴት ያምራል!» አለ።

እህቱ የሻይ ዕቃ እንደያዘች ቆመች። 

ወንድሟ እጁን ዘረጋ። ካርቶኑን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። እርጥቡ ቢጫ ጣቱ ላይ ቀረ።

«ይሄማ ብሩሽ የምጠርግበት ነው» አለና በእጁ የነበረውን ብሩሽ ሁለቴ ወዲያና ወዲህ አድርጎ ጠረገበት።

የእሷ መሆኑን ያውቅ ነበር? አልጠየቀችውም። ሻዩን ቀዳች፣ ስኳሩን አማሰለች። በማግስቱ ጠዋት የዳይሬክተሯን ሥዕል ከፎቶግራፍ ሊጀምር ሲቀመጥ፣ ቡኒውን በአረንጓዴው ቦታ፣ አረንጓዴውን በቡኒው ቦታ ጨመቀችለት።

አንድ ቀን ቢሆን በንዴት ነው ይባል ነበር። እሷ ግን ለአምስት ቀን በየጠዋቱ እንደዚያው አደረገች። በየጠዋቱም «ዛሬ እነግረዋለሁ» ትላለች። እሱ እያንጎራጎረ ይሠራል፤ የሴትየዋ ፊት ከብሩሹ ሥር ሲሻግት ቆማ ታያለች፤ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ይሞቃታል። ሲጨርስ በአንሶላ የሸፈነችውም እሷው ናት።

በዳይሬክተሯ የጡረታ መሸኛ ዕለት መጋረጃው ሲገለጥ ጭብጨባው መሃል ላይ ቆመ። አንድ ሕፃን «እማዬ፣ ሴትየዋ ሞታለች እንዴ?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሯ ፊቷን በእጇ ሸፍና ወጣች። እሱ መድረኩ ላይ ቆሞ፣ የሚስቁት የት እንዳሉ ሳያይ፣ ወደ ባዶ ወንበሮች እጅ ነሣ።

«ምን ሆነው ነው የሳቁት?» አላት በመንገድ ላይ፣ ክንዷን ይዞ።

«ወደውት ነዋ።»

ሁለት ቀን ሳይሞላ አንድ የሙያ ባልደረባው ደውሎ ሁሉንም ነገረው። ጓዳ ገባና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ቡኒው የት ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜው፣ ከቀዩ ቀጥሎ።»

 እንዲቆጣ፣ ሰሐን እንዲሰብር ጠበቀችው።

«እንግዲያው እጄ ነው የካደኝ» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺማ አትሳሳቺም።»

ከዚያ ወዲያ ብሩሽ አልነካም። በአሥራ አንደኛው ወር ሞተ።

ተማሪው ባዶ ሲኒውን ይዞ ጓዳ ገባ፤ ፊቱ በደስታ ፈክቷል።

«እትዬ፣ አዩት? ከቆዳ ሥር አረንጓዴ መደልደል የድሮ ሠዓሊዎች ዘዴ ነው፤ መምህር ግን የላይኛውን ንብርብር ገፎ ጣለው! የተክሉን ነፍስ ለሴትየዋ፣ የሴትየዋን ሞት ለተክሉ ሰጠ። ሳቅንበት፣ አልገባንም። ልጽፍበት ነው።»

«አትጻፍ» አለችው።

«ለምን?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት። ዓይኑ ቀለም አይለይም ነበር። ቀለሙን የማስቀምጥለት እኔ ነበርኩ፤ ሆን ብዬ አቀያየርኩበት። አምስት ቀን ሙሉ።»

ተማሪው ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ሲኒውን አስቀምጦ ትከሻዋን ዳበሰ።

«አይዞዎት፣ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል። እኔም አባቴ የሞተ ጊዜ የገደልኩት ይመስለኝ ነበር።»

«ስማኝ እንጂ! ያን ካርቶን አታስታውስም? ሦስቱን ሎሚዎች? ጥላው ያምራል ያልከውን?»

«የቱን ካርቶን?»

የእውነቱን ነው፤ ግንባሩን ቋጥሮ ሊያስታውስ ሞከረ፣ አልመጣለትም።

«መምህር እኮ ቀለምን በጠረኑ ይለይ ነበር፣ እትዬ። እርስዎ ሊያታልሉት? ይልቅ ትንሽ ይረፉ። ስለ እርስዎም ሳልጽፍ አልቀርም፤ ሠላሳ ዓመት ብሩሹን ያጠበች ታማኝ እህት ብዬ።»

ወጣ። ከሳሎን ድምፁ ሲያስረዳ ይሰማል፤ ያቺ ጎረቤት ሳትቀር «እውነትም ሲያዩት ሲያዩት ያምራል» ትላለች።

እህቱ ሲኒዎቹን አጥባ ደፋች። በግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ሆኗል። እጇን ቀሚሷ ላይ አደራረቀችና በለቅሶ ደራሾቹ መሃል አልፋ ወደ ወንድሟ መኝታ ቤት ገባች። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። በዚህ ሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ዞራ ትራሱ ላይ ታርፋለች፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ብርሃኑ ዓይኑን እየወጋው ያስጮኸው ነበር። እንደ ለመደችው መጋረጃውን ያዘች። ቀለበቶቹ ተንቃጭለው እንዳይቀሰቅሱት በሌላ እጇ ደግፋ፣ በቀስታ፣ እስከ ጥግ ድረስ ስባ ዘጋችው።