ስድስት እርምጃ ወሰን

ኑርዬ በያዘው በትር መሬቱን እየወጋ ወደ ውሃው ገባ። ሰባተኛው እርምጃ ላይ ውሃው ጉልበቱን አለፈው። ቆመና ወደ ኋላው ዞረ።

"እዚህም የለም" አለ። "መንገድሽን ሐይቁ ወስዶታል።"

ልጁ ሂንድ ደረቁ ላይ ቆማለች። የፓርኩን ጠባቂዎች አረንጓዴ ሸሚዝ ለብሳ ሻርፗን ከአንገቷ ኋላ አጥብቃ አስራዋለች። አጠገቧ ሙዓዝ ብስክሌቱን ደግፎ ይዟል። ሙዓዝ ከደሴ የመጣ የሩጫ መንገድ ለኪ ነው። በብስክሌቱ የፊት ጎማ ላይ የታሰረችው ትንሽ ቆጣሪ ጎማው በዞረ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ትላለች፤ መንገዱ በትክክል አሥር ኪሎ ሜትር መሆኑ የሚታወቀው በእሷ ነው።

"ምን ያህል ነው የሰመጠው?" አለ ሙዓዝ።

"ሦስት መቶ ሜትር ይሆናል" አለች ሂንድ። "ባለፈው ሳምንት እዚህ ላይ ሮጫለሁ። የጥቅምት ዝናብ ነው ያመጣው።"

በሐይቁ ዳር ያለው ረግረግ ፓርክ ተብሎ ከተከለለ አራት ዓመቱ ነው። የሩጫ መንገዶቹን ያወጣቻቸው ሂንድ ናት። ደሴ ለአንድ ክለብ ሁለት ዓመት ከሮጠች በኋላ የእግሯ አጥንት ተሰነጠቀና ወደ ትውልድ ቦታዋ ወደ ሐይቅ ተመለሰች። ሲሻላት ጧት ጧት በረግረጉ ዳር ብቻዋን መሮጥ ጀመረች። ቆይቶ ሁለት የከተማ ልጆች ተከተሏት፤ ከዚያ አምስት ሆኑ፤ አሁን አሥራ ስምንት ሴቶች ናቸው። ችካል ቆርጣ ቀለም ቀባች፦ ነጩ ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ቢጫው አምስት፣ ቀዩ አሥር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከየወረዳው ሯጮች የሚመጡበት ውድድር በቀዩ መንገድ ላይ እንዲካሄድ ተወስኖ ነበር።

ሙዓዝ ካርታውን አጠፈ። "እንዳልደብቅሽ፣ ዙሪያው ካልገጠመ አሥር ኪሎ ሜትር ብዬ መፈረም አልችልም። ወረቀቱን ዛሬ ይዤ ካልተመለስኩ ውድድሩን ለሌላ ወረዳ ይሰጡታል። በአስፋልቱ ብናዞረውስ?"

"መኪና አለ። ሴቶቹን ከሲኖትራክ ጋር አላጋፋም።"

"በዚህ በሸምበቆው ውስጥስ?"

"ይብራዎቹ እንቁላል ላይ ናቸው። ሁለት መቶ ሰው ቢያልፍባቸው ጥለው ይሄዳሉ።"

ሙዓዝ ዙሪያውን አየ። ከውሃው ከፍ ብሎ በአንድ በኩል የኑርዬ ጤፍ፣ በሌላው በኩል የጎረቤቱ የባዬ ማሽላ ይታያል። በሁለቱ መካከል ሣር የበቀለበት ቀጥ ያለ መሬት ከረግረጉ ጫፍ ተነስቶ እስከ ላይኛው መንገድ ይወጣል።

"ያኛውስ? ማንም ያላረሰው። የማን ነው?"

ኑርዬ በትሩ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በእግሩ ጠረገ። ሂንድ አባቷን አላየችውም።

"እሱ አይሆንም" አለች። "ሌላ እንፈልግ።"

ስድስት እርምጃ ስፋት ያለው መሬት ነው። ከስምንት ዓመት በፊት የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ለኪዎቹ የኑርዬን ለኩ፣ የባዬን ለኩ፣ ያቺ መሬት ግን በሁለቱም ደብተር ሳትገባ ቀረች። ኑርዬ የአባቴ ናት አለ። ባዬም የአባቴ ናት አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ተነሳ። አንዱ በሬውን ቢያስገባ ሌላው ዱላ ይዞ እንደሚመጣ ሁለቱም ስለሚያውቁ ማንም ሳያርሳት ከረመች። ያኔ የተቋረጠው ሰላምታም በዚያው ቀረ። ለቅሶ ይደራረሳሉ፤ ድንኳን ውስጥ ግን ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት።

ሙዓዝ ብስክሌቱን ይዞ ወደ ፊት ሲራመድ ኑርዬ ልጁን ክንዷን ያዛት።

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ምን ብዬ ልጠይቅዎት፣ አባዬ?"

"መሬቱን ይስጡኝ ብለሽ ነዋ። እምቢ የምልሽ መሰለሽ?"

"እሺ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የእኔ ነው ብለው ይሰጡኛል። አያ ባዬም ብጠይቀው የእኔ ነው ብሎ ይሰጠኛል። ያኔ ሴቶቹን በመንገድ ላይ ሳይሆን በሙግት ላይ ነው የማስሮጣቸው።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሁለታችሁም የእኔ ነው ሳትሉ ካልሰጣችሁ አይሆንም። ይህን ደግሞ ከእናንተ መጠየቅ አልችልም።"

ክንዷን በቀስታ አስለቅቃ ሄደች።

ሙዓዝ የቀረውን ዙሪያ ለመለካት ተስማማ፤ ሂንድ ከፊት እየሮጠች መስመሩን ልታሳየው፣ እሱ በብስክሌት ሊከተላት። ኑርዬ የጤፉ ማሳ ጫፍ ላይ ወጥቶ ቆመ። ልጁ ስትሮጥ ቆሞ አይቷት አያውቅም። ደሴ በነበረችበት ጊዜ "ሴት ልጅን ምን ያስሮጣታል?" ይል ነበር። ከተመለሰች ወዲህ ደግሞ እሷ ስትወጣ እሱ ለሱብሂ መስጊድ ነው፤ እሱ ሲመለስ እሷ ሥራ ላይ ናት። ሰው ስለ ሩጫዋ ሲያነሳበት ወሬውን ወደ ከብት ወይም ወደ ዝናብ ይመልሰው ነበር።

ከቄጠማው ውስጥ መጀመሪያ ሻርፗ ታየ። ቀጥሎ ትከሻዋ ታየ፤ ምንም አይወዛወዝም። ጭቃው ሌላውን ሰው አዳልጦ በሚጥልበት ቦታ የእሷ እግር ነካ አድርጎት ብቻ ያልፋል። የት እንደምትረግጥ ሳታይ ታውቃለች። ሙዓዝ ከኋላ ብስክሌቱን እየገፋ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። ሁለት ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን መጎተት ትተው ከጀልባቸው ላይ ተነስተው ቆሙ። አንደኛው እጁን አውለበለበላት፤ እሷም ፍጥነቷን ሳትቀንስ እጇን አነሳችለት።

ኑርዬም ሳያስበው እጁን ከፍ አደረገ። ሰው አይቶት እንደሆነ ለማወቅ ወደ ጎን ዞር አለ።

ባዬ ከሣሩ ማዶ በማሽላው ዳር ዶማውን ተደግፎ ቆሟል። እሱም ወደ ረግረጉ ነው የሚያየው።

መጀመሪያ የተናገረው ኑርዬ ነው።

"እንዴት ትሮጣለች!" አለ፣ ዓይኑን ከልጁ ሳያነሳ።

"አሁን ነው የምታያት?" አለ ባዬ። "እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ጧት ጧት አያታለሁ። እንዴት አደሩ ሳትለኝ በዚህ አልፋ አታውቅም።"

"እኔ አላየሁም ነበር።"

"ነሐሴ ላይ ሚስቴ የሺሀረግ ቄጠማ ስታጭድ እግሯ ተሰብሮ ረግረጉ ውስጥ ቀረች። እኔ ገበያ፣ ውጫሌ ነበርኩ። ልጅህ አዝላት እስከ ጤና ጣቢያው ሄደች። በጭቃ፣ ያን ሁሉ መንገድ። አልነገረችህም?"

"ወላሂ አልነገረችኝም።"

"እንድትነግርህ ጠብቄ ነበር" አለ ባዬ። "ትመጣለህ ብዬ። ሳትመጣ ስትቀር፣ ይሄ ሰውዬ ሰምቶ ነው ዝም ያለው ብዬ ተቀየምኩህ።"

ኑርዬ ወደ ታች አየ። ሂንድ ከባህር ዛፎቹ ጥግ እየታጠፈች ነው።

"ብሰማ እመጣ ነበር" አለ። "የሺሀረግ እንዴት ናት?"

"በምርኩዝ ትሄዳለች። ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን።"

"መንገዱ ሰምጧል፣ ባዬ።"

"ከትናንት ጀምሮ አይቻለሁ። ማን ይመጣ ይሆን እያልኩ ነበር።"

"ይኸው መጣሁ።"

"የት መጣህ?" አለ ባዬ። "የራስህ ጤፍ ውስጥ አይደለም የቆምከው?"

ኑርዬ ሊቆጣ ነበር፤ እውነት ሆነበትና ተወው። ሱሪውን ከጉልበቱ በላይ እንደጠቀለለ ሣሩ ውስጥ ገባ። ስድስቱን እርምጃ ተሻግሮ ባዬ ፊት ቆመና እጁን ዘረጋ። ባዬ ዶማውን ጣለ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ።

"የእኔ ነው አልልም" አለ ኑርዬ። "አንተም አትበል። ሯጮቹ ይለፉበት።"

"ዘንድሮ ብቻ ነው?"

"እግር እስካለ ድረስ።"

ሂንድና ሙዓዝ ዙሪያውን ጨርሰው ሲመጡ ሁለቱ ሰዎች ጎንበስ ብለው በሣሩ ውስጥ ያለውን ድንጋይ ሲለቅሙ አገኟቸው። ሂንድ ቆመች። ልቧ ገና በሩጫው እየመታ አንዴ አባቷን፣ አንዴ ባዬን አየች።

"ምን ትገተሪያለሽ?" አላት አባቷ። "ሰውዬውን በዚህ አሳልፊው እንጂ።"

ሙዓዝ ብስክሌቱን በሣሩ መሃል ነድቶ ላይኛው መንገድ ላይ ወጣ፤ ወርዶ ቆጣሪውን አነበበና በወረቀት ላይ ደመረ። መነሻው ሠላሳ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ቢሳብ ልክ አሥር ኪሎ ሜትር ይሞላል። ሂንድ ይህን ስትሰማ ከመሮጧ በፊት ዳር ላይ ያስቀመጠቻቸውን ቀይ ችካሎቿን አመጣች። ኑርዬ አንዱን ተቀብሏት በድንጋይ መትቶ ተከለው። ጠማማ መሆኑን አየና ነቅሎ እንደገና ቀጥ አድርጎ ተከለው።

"ከቄጠማው ስትወጪ" አላት፣ ጎንበስ እንዳለ፣ "አጥማጆቹ ተነስተው ነው ያዩሽ።"

"እርስዎም አይተውኛል?"

"አየሁ። ዛሬ ነው ያየሁት፤ አፉ በይኝ። ለውድድሩ ቀን የአምባሰልን ዘመዶች ሁሉ ነው የምጠራው።"

ሂንድ ፊቷን ዞር አድርጋ ሻርፗን አስተካከለች። ለማስተካከል ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

ሙዓዝ የስምምነቱን ወረቀት ብስክሌቱ መቀመጫ ላይ ዘረጋ። "አንድ ነገር ቀርቷል" አለ። "መሬቱ በማን ስም ይጻፍ?"

ሂንድ አፏን ልትከፍት ስትል አባቷ እጁን አነሳ።

"ሁለታችንንም ጻፍ። የባዬን አስቀድም፤ የእኔን ከሥሩ።"

ባዬ ቀና ብሎ አየው። ሙዓዝ ሁለቱ ሰዎች እንዳይከፋቸው ብሎ ፈገግ አለ። "ልክ ነው፣ በፊደል ተራም ቢሆን 'በ' ከ'ነ' ይቀድማል።"

"በፊደል ተራ አይደለም" አለ ኑርዬ። "እኔ ስላስቀደምኩት ነው።"

እስክሪብቶውን ተቀብሎ ለባዬ ሰጠውና ተራውን ጠበቀ።