የግራ ትከሻ

አንድ ሴንቲ፣ ከአንድ ሴንቲ አይበልጥም፣ ደግሜ ለካሁት፣ ኮቱ እንከን የለውም፣ እንከኑ እኔ ነኝ ማለትን ደግሞ ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ ትቻለሁ፣ ሐኪሟ ኦቲዝም ነው አለችኝ፣ አብሮሽ የተወለደ ነው፣ አእምሮሽ የሚሠራበት መንገድ ነው፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ግትር፣ ደረቅ፣ ጨዋታ የማይገባት ስባል ኖሬ ለካ ስም አለው። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ተመርማሪዋ በማኅበራዊ ግንኙነት ረገድ የላቀ ጥረት እንደምታደርግ ተስተውሏል፣ ይላል፣ የላቀ ጥረት፣ እሰይ፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ላቤን አየልኝ።

እህቴ አሥር ሰዓት ላይ ትመጣለች። አሁን ዘጠኝ ከሃምሳ ነው። የጣሪያው መብራት ዝዝዝ ይላል፣ ለሌላው ሰው አይሰማውም፣ ለኔ ይሰማኛል፣ ስለዚህ አጠፋዋለሁ፣ በቃ፣ የመስኮቱ ብርሃን ይበቃል፣ ሃያ ዓመት እዚህ ልብስ ስሰፋ ሰው ምን ይለኛል እያልኩ ራሴን ሲያዞረኝ ኖሬያለሁ፣ የሚለውን ይበል።

ከተኳረፍን ሦስት ዓመት። የሠርጓ ቀን፣ ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ፣ መኪናው ውጭ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ክፍሉ ሙሉ ሰው ነው፣ መስታወቱ ፊት ቆማ እንዴት ነኝ አለችኝ፣ ተጠየቅኩ፣ መለስኩ፣ የግራ ትከሻሽ አንድ ሴንቲ ዝቅ ይላል፣ ቁሚ፣ ብዬ መቀሱን አንስቼ እዚያው ስፌቱን ፈታሁት። ሙሽራ ላይ። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ አትንቀሳቀሺ ስፒሉ ይወጋሻል እላታለሁ፣ አርባ ደቂቃ አስረፈድኳት፣ ትከሻው ግን ተስተካከለ። ይኼን ስነግራት ሐኪሟ ሳቀች፣ ከዚያ ይቅርታ አለች፣ ግድ የለም፣ አሁን እኔንም ያስቀኛል፣ ያን ቀን ግን ማንም ጣቱን እንዳይቀስርባት ብዬ ነበር፣ እሷ ደግሞ ቀንተሽብኝ ነው አለች፣ በማን፣ አዝዬ ባሳደግኳት ልጅ? ቅናት ቢሆንማ ዝም እል ነበር፣ እንደተንጋደደች ትሂድ እል ነበር።

እማዬ ጠዋት ደወለች። አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እንኳ አደራሽን፣ አምሮብሻል በያትና አፍሽን ያዢ፣ ዝም አይነቅዝም። ለምና ለምና ነው እህቴን እሺ ያሰኘቻት፣ አዲስ ሥራ ይዛለች፣ ለመጀመሪያው ቀን ኮት ያስፈልጋታል፣ ዛሬ ካበላሸሁ ሁለተኛ ይህን ደረጃ አትወጣም፣ እህት የለኝም ማለት ነው። አምሮብሻል። መስታወት ፊት ተለማመድኩት፣ ቅንድብ ከፍ፣ ጥርስ ትንሽ፣ ድምፅ ለስለስ፣ ከሥራ ባልደረባዬ የቀዳሁት ፊት ነው፣ በሌላ ሰው ልክ የተቆረጠ፣ ስለብሰው ብብቴ ሥር ይይዘኛል። ልጅ ሳለሁ የጎረቤታችን ሴትዮ እንዴት ነሽ ሲሉኝ፣ ሆዴን ያመኛል፣ የቀኝ ጫማዬ ይጠበኛል፣ ትናንት ወተቱ ገንፍሎ ሸተተኝ፣ ብዬ ስዘረዝርላቸው እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ ደህና ነኝ ነው የሚባለው። እሺ። ከዚያ ወዲህ ደህና ነኝ፣ ታምሜም ደህና ነኝ፣ አልቅሼም ደህና ነኝ። አይ እማዬ፣ ዛሬስ አልችልም፣ እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር።

ደረጃው ላይ ተረከዝ። የእሷ ነው፣ ግራዋን ጠበቅ አድርጋ ነው የምትረግጠው። ሰላም፣ ሰላም፣ መብራት የለም እንዴ፣ አለ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ድምፁ ያመኛል፣ ታየኛለች። ኮቱን አለብሳታለሁ። ገበሩ ሳይያዝ ይገባል፣ እጅጌው አንጓዋ ላይ ያርፋል፣ ሜትሩን አንገቴ ላይ አጥብቄ እይዘዋለሁ። ወደ መስታወቱ ትዞራለች።

እንዴት ነኝ?

ይኸው መጣ። አምሮብሻል፣ በይ፣ ቅንድብ ከፍ፣ አይሆንም፣ ተይው።

ስለ ኮቱ ነው የምትጠይቂኝ ወይስ ስለ ራስሽ?

መስታወቱ ውስጥ ዓይኔን ትፈልጋለች፣ እኔ ኮሌታዋን አያለሁ፣ ዓይን እያየሁ መስማት አልችልም፣ ይኼንንም እነግራታለሁ፣ አሁን አይደለም፣ ግን እነግራታለሁ። ስለ ራሴ፣ ትላለች ቀስ ብላ።

ናፍቀሽኛል።

ኮቱስ? ትላለች፣ ኮቱ ልክ ነው፣ በግራ በኩል ውስጡ አንድ ሴንቲ ስፖንጅ ጨምሬበታለሁ፣ ከኔና ካንቺ በቀር ማንም አያውቅም። ግራ ትከሻዋን በእጇ ትዳብሳለች፣ ድምፅ ታወጣለች፣ ሳቅና ለቅሶ መለየት ሁሌም ይቸግረኛል፣ ስለዚህ እጠይቃለሁ፣ ሳቅ ነው ለቅሶ? ሁለቱም ነው አንቺ ጅል፣ ትላለች፣ አፍንጫዋን በእጅጌው ልትጠርግ ስትል እጇን ይዤ መሐረብ እሰጣታለሁ፣ ኮቱ ገና አልተተኮሰም።

አንቺስ፣ እንዴት ነሽ?

ደህና ነኝ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። እውጠዋለሁ። ስፒሎቹን ሳጥናቸው ውስጥ አስገብቼ ወንበር እስብላታለሁ፣ ጊዜ አለሽ? እላታለሁ፣ ረጅም ነው። ኮቱን ሳታወልቅ ትቀመጣለች።

ከቀኝ ጫማዬ እጀምራለሁ።